ጄምስ ላንሲንግና የድምፁ ሣጥን

በመርካቶ የኤሌክትሪክ ዕቃ ከሚሸጥባቸው ሱቆች በአንዱ ፊት ቆም ያለ ሰው በድምፅ ማጉያዎቹ ግንባር ላይ ጄ.ቢ.ኤል. የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት ተጽፈው ማየቱ አይቀርም። እነዚሁ ፊደላት በታክሲ ውስጥ፣ በሠርግ ድንኳን፣ በተማሪ አልጋ ራስጌ ሁሉ ይገኛሉ። ነገር ግን ከፊደላቱ በስተጀርባ በእጁ ሠርቶ፣ በሥራው ታውቆ፣ በዕዳ ተጨንቆ በ47 ዓመቱ የሞተ አንድ ሰው እንዳለ የሚያውቅ ጥቂት ነው። እኛም ራሳችን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አናውቅም ነበር።

ይህን ሰው እንድንፈልገው ያደረገን ተራ ጉዳይ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ሥራ ከያዘ ገና ዓመት ያልሞላው አንድ ባልንጀራችን ካጠራቀመው ደመወዝ የሙዚቃ መሣሪያ ሊገዛ አስቦ በምርጫው እንድንረዳው ለመነን። ባልንጀራችን ሁለት ፍቅር አለው። አንደኛው ከተማሪነቱ ጀምሮ ያልተለየው የኤሌክትሪክ ጊታሩ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከአባቱ የወረሳቸው ሸክላዎች ናቸው። የሚኖርባት ቤት ግን አንዲት ክፍል ናት፤ ለጊታሩ አንድ፣ ለሸክላው ሌላ መሣሪያ ይግዛ ቢባል ገንዘቡም ስፍራውም አይበቃም። ስለዚህ አንዱ ለሁለቱ ይበቃ እንደ ሆነ ጠየቀን። እኛም ለመመለስ ቸኩለን አፋችንን ከከፈትን በኋላ ምንም እንደማናውቅ ተረዳን።

መልሱን ስንፈልግ ነው ከጄምስ ላንሲንግ ሕይወት ጋር የተገናኘነው። ይህ ሰው በዕድሜው መጨረሻ የሠራው አንድ ስፒከር በሳሎን ውስጥ ለሸክላ፣ በመድረክ ላይ ለጊታር ያገለገለ ስለ ሆነ፣ የባልንጀራችን ጥያቄ ገና ሳይጠየቅ የተሞከረ ጥያቄ ነው ማለት ይቻላል። ድምፅ ማጉያ የሚለው ቃል ለብዙ ዕቃ ስለሚነገር፣ ድምፁ የሚወጣበትን ክፍል ሰው ሁሉ እንደሚለው ስፒከር፣ ኃይል የሚሰጠውን ክፍል አምፕሊፋየር እንላለን። ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ላንሲንግ ሲወለድ ላንሲንግ አልነበረም። ጃንዋሪ 14 ቀን 1902 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በኢሊኖይ ክፍለ ሀገር ማኩፒን በሚባል አውራጃ ሲወለድ የወጣለት ስም ጄምስ ማርቲኒ ነበር። አባቱ ሄንሪ ማርቲኒ የድንጋይ ከሰል ማዕድን መሐንዲስ ስለ ነበር ቤተ ሰቡ የማዕድን ሥራ ወደ ተገኘበት ሁሉ ይዘዋወር ነበር። ልጆቹ 14 ሲሆኑ ጄምስ 9ኛው ነው። ለጥቂት ጊዜም ሊችፊልድ በምትባል ከተማ ቡሎው ከሚባል ቤተ ሰብ ጋር ኖሯል፤ ይህን ስም አንባቢ ያስታውስልን።

በልጅነቱ ስለ ኤሌክትሪክ የነበረው ጉጉት ከትምህርት ቤት ያገኘው አልነበረም። 10 ዓመት ገደማ ሲሆነው ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ጠርሙስ ሠርቶ ጓደኞቹን ይነዝርበት ነበር ይባላል። 12 ዓመት ገደማ ሲሆነው ደግሞ ትንሽ የራዲዮ ማሠራጫ ሠራ። ማሠራጫዋ ጠንካራ ስለ ነበረች ድምፅዋ ከቺካጎ በስተሰሜን ካለው የባሕር ኃይል ጣቢያ ደረሰ፤ የባሕር ኃይል ሰዎችም ምንጩን ተከታትለው መጥተው አፈረሱበት ተብሎ ይተረካል። እንግዲህ የመጀመሪያው የሥራ ምስክር ወረቀቱ ይህ መሆኑ ነው።

ከዚያ በኋላ ጥቂት የንግድ ትምህርት ተማረ፤ የመኪና ጥገናም ሠራ፤ ለዚሁ ጥገና ወደ ዲትሮይት ሄዶ ሠልጥኗል። የዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ዲግሪ አልነበረውም። ዲግሪያችንን በመስተዋት አድርገን ግድግዳ ላይ ለሰቀልን ለእኛ ይህን መጻፍ ትንሽ ያሳፍራል፤ ባልንጀራችን ሲጠይቀን ምን እንደ መለስንለት ቀደም ብለን ተናግረናልና።

በ1924 እናቱ ሲሞቱ ላንሲንግ ከቤቱ ወጥቶ ወደ ሶልት ሌክ ሲቲ ሄደ። እዚያም በራዲዮ ሥራ ላይ ሳለ ግሌና ፒተርሰን የምትባል ወጣት አገባ፤ ኬን ዴከር ከሚባል ነጋዴም ጋር ተዋወቀ። እነዚህ ሁለት ሰዎች ወደ ሎስ አንጀለስ ወርደው በማርች 1927 ለራዲዮ መቀበያዎች ስፒከር የሚሠራ ኩባንያ አቋቋሙ። ወጣቱ ማርቲኒ ስሙን ጄምስ ቡሎው ላንሲንግ ብሎ የለወጠው በዚሁ ጊዜ ገደማ ሲሆን፣ መካከለኛውን ስም ያገኘው በልጅነቱ ካስጠጋው ከዚያ የሊችፊልድ ቤተ ሰብ ነው። ዛሬ በመርካቶ ሱቅ የምናያት መካከለኛዋ ፊደል እንግዲህ የአንድ አስጠጊ ቤተ ሰብ ስም መጀመሪያ ናት።

የሁለቱ ሰዎች የሥራ ክፍፍል ግልጽ ነበር። ዴከር መዝገቡን፣ ደንበኛውንና ገንዘቡን ይይዛል፤ ላንሲንግ ከመሣሪያው ጠረጴዛ አይነሣም። እንዲህ ያለ ጥንድነት እስካለ ድረስ ሥራው ሄደ። አንባቢ ይህን ልብ ይበል፤ የኋላው መከራ ሁሉ የሚፈታው በዚህ ነው።

እዚህ ላይ ታሪኩን ጥቂት አቁመን ስፒከር እንዴት እንደሚሠራ እንናገር፤ አለዚያ የላንሲንግ ሥራ ምኑ እንደሚያስደንቅ አይታወቅም። በስፒከር ውስጥ ክብ ማግኔት አለ። በማግኔቱ ውስጥ ጠባብ ክፍተት ይተዋል፤ በክፍተቱም ውስጥ ሽቦ የተጠመጠመበት ቀላል ቱቦ ይንጠለጠላል። ቱቦው ከወረቀት ሾጣጣ ጋር ተጣብቋል። ከአምፕሊፋየሩ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ኃይል በሽቦው ውስጥ ሲመላለስ ማግኔቱ አንድ ጊዜ ይገፋዋል፣ አንድ ጊዜ ይስበዋል፤ ወረቀቱም አብሮ እየተርገበገበ አየሩን ይመታል። ነገሩ ሲታይ ቀላል ነው፤ ጭንቁ ግን ከክፍተቱ ውስጥ ነው። ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ የማግኔቱ ኃይል ይባክናል፤ ጠባብ ከሆነ ሽቦው ይታከካል። ክብ ሽቦ ሲጠመጠም ደግሞ በጥቅሉ መካከል ባዶ አየር ይቀራል። ላንሲንግ ሽቦውን እንደ ጥብጣብ ጠፍጣፋ አድርጎ በጠርዙ እያቆመ መጠምጠም የሚቻልበትን ዘዴ አዳበረ። በዚህ ዓይነት ባዶው አየር በመዳብ ወይም በአሉሚኒየም ተሞላ፤ ያው ኃይል የበለጠ ድምፅ ሰጠ። ይህን ለመጠምጠም የሚሆኑትን መሣሪያዎች መፈልሰፍ ራሱን የቻለ ጥበብ ነበር፤ በሥራ ዘመኑ ሁሉ የተመሰገነበትም ይኸው የአሠራር ጥራት ነው።

ኩባንያው በተቋቋመበት በዚያው በ1927 የሚናገረው ሲኒማ ወጣ። ሰው ሁሉ ተገረመ፤ ሆኖም በሲኒማ ቤቶቹ የነበሩት ስፒከሮች ንግግር ለማሰማት ያህል እንጂ ሙዚቃን በሙሉ ለማድረስ አይችሉም ነበር። የሜትሮ ጎልድዊን ሜየር ፊልም ኩባንያ የድምፅ ክፍል ሹም የነበረው ዳግላስ ሺረር በ1933 ገደማ በዚህ ተበሳጭቶ የራሳችንን እንሥራ ብሎ ተነሣ። ጆን ሒሊያርድ የሚባለውን መሐንዲስ የሥራው መሪ አደረገ፤ የስፒከሮቹን አካል እንዲሠራም ላንሲንግ ተጠራ።

እነዚህ ሰዎች ድምፁን ለሁለት ከፈሉት። ወፍራሙን ድምፅ ትልቅ የእንጨት ጡሩምባ ያለው 15 ኢንች ስፒከር፣ ቀጭኑን ደግሞ በብዙ ክፍል የተከፋፈለ ትንሽ የብረት ጡሩምባ እንዲያሰማ አደረጉ። ከነሱ በፊት በተሠራ ሌላ መሣሪያ ላይ አንድ አስቸጋሪ ነገር ታይቶ ነበር፤ ይኸውም ዳንሰኛ በጫማዋ ወለሉን ስትመታ ምቱ ሁለት ጊዜ ይሰማ ነበር። ምክንያቱ ሲመረመር የወፍራሙ ድምፅ ጡሩምባ ረጅም፣ የቀጭኑ አጭር በመሆኑ አንዱ ድምፅ ከሌላው ዘግይቶ መድረሱ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ የ2 ሜትር ተኩል የመንገድ ልዩነት 7 ሚሊ ሴኮንድ ያህል መዘግየት ያመጣል። ጆሮ ይህችን ታህል ያውቃል። ስለዚህ የወፍራሙን መንገድ አሳጥረው ሁለቱን አስተካከሉ። የሺረር ጡሩምባ ተብሎ የታወቀው ይህ ሥራ ለሺረርና ለድምፅ ክፍሉ የ1936ን የፊልም አካዳሚ የቴክኒክ ሽልማት አስገኘ። የላንሲንግ ስም በሽልማቱ ላይ አልተጻፈም፤ በሙያው ሰዎች ዘንድ ግን የስፒከሮቹ አካል የማን እጅ እንደ ሆነ ይታወቅ ነበር።

በ1937 ላንሲንግ ያንኑ አሳብ አሳንሶ አይኮኒክ የተባለውን መሣሪያ ሠራ። ይህ ለሲኒማ ቤት አዳራሽ ሳይሆን ለስቱዲዮና ለሀብታም ሰው ሳሎን የሚሆን ነበር። ትልቁ የአዳራሽ ድምፅ ወደ ቤት መግባት የጀመረው በእንዲህ ያሉ ሥራዎች ነው።

ነገር ግን በ1939 ኬን ዴከር በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። የሞተው ባልንጀራ ብቻ አልነበረም፤ መዝገቡን የሚይዘው እጅም አብሮ ሞተ። ላንሲንግ በጠረጴዛው ላይ ካለው ሽቦ በስተቀር ሌላ ነገር ማስተዳደር አልሆነለትም። ኩባንያው እየተዳከመ ሄዶ በዲሴምበር 1941 አልቴክ ለሚባል ድርጅት በ50,000 ዶላር ተሸጠ፤ ስሙም አልቴክ ላንሲንግ ተባለ። ላንሲንግ ለአምስት ዓመት የምሕንድስና ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኖ ሊሠራ ተዋዋለ።

ስለዚህ አምስት ዓመት ብዙ ማለት ይቻል ነበር፤ እኛ ግን ሁለት ነገር ብቻ እንጥቀስ። አንደኛው በወፍራሙ ስፒከር ልብ ውስጥ የቀጭኑን ጡሩምባ አኑሮ ድምፁ ሁሉ ከአንድ ስፍራ እንደሚመጣ የሚያደርገው 604 የተባለው ሥራ ነው። ይህ ስፒከር በአሜሪካ ስቱዲዮዎች ለብዙ ዓመታት የድምፅ መመርመሪያ ሆኖ አገልግሏል፤ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በዚያ አገር የተቀረጹ ብዙ ሸክላዎች ወደ ገበያ ከመውጣታቸው በፊት የተሰሙት በዚሁ ነው። ሁለተኛው በ1945 ከሒሊያርድ ጋር ያወጡትና የሲኒማ ቤት ድምፅ የሚል ስም የተሰጠው ትልቅ መሣሪያ ነው።

ውሉ ባለቀ ጊዜ፣ በ1946፣ ላንሲንግ ወጥቶ የራሱን ኩባንያ እንደ ገና አቋቋመ። ወዲያውም ጠብ ተነሣ፤ ጠቡ ስለ ስሙ ነበር። አልቴክ ላንሲንግ የሚለውን ስም በገንዘቡ ገዝቶታልና ባለቤቱ ራሱ እንዳይጠራበት ተቃወመ። አይኮኒክ የሚለው የዕቃ ስምም እንዲሁ። በመጨረሻ ጄምስ ቢ. ላንሲንግ ሳውንድ በሚል ረጅም ስም ተስማሙ። ሰው የገዛ ስሙን ሸጦ ከነመጀመሪያው ፊደል ጭምር መልሶ ሲለምን ማየት አያስቅም። ከሞቱ በኋላም ክርክሩ ስላልበረደ ኩባንያው በ1950ዎቹ ስሙን በሦስቱ ፊደላት አሳጥሮ ተገላገለ።

እንግዲህ ባልንጀራችንን ወደሚመለከተው ነገር ደረስን። በ1947 እና በ1948 ገደማ ላንሲንግ ዲ130 የተባለውን ስፒከር አወጣ። ስፋቱ 15 ኢንች ሲሆን፣ በመካከሉ ያለው የሽቦ ጥቅል ስፋት 4 ኢንች ነበር፤ ይህ በዚያን ጊዜ ከተለመደው በጣም የሰፋ ነው። ጥቅሉ ሲሰፋ ሙቀቱን ይችላል፤ ኃይሉም ይጨምራል። ከጦርነቱ በፊት ብዙ ስፒከሮች ማግኔታቸው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለ ነበር ለማግኔቱ ብቻ ሌላ ኃይል ይፈልጉ ነበር፤ ዲ130 ግን አልኒኮ ቁጥር 5 በሚባል አዲስ ቋሚ ማግኔት ተሠራ። በሾጣጣው መካከል የተደፋችው የአሉሚኒየም ቆብ ደግሞ ቀጭኑን ድምፅ በመጠኑ ትረዳለች።

ውጤቱ የሚያስደንቅ ነበር። ዲ130 አንድ ዋት ብቻ ተሰጥቶት በአንድ ሜትር ርቀት ከ100 ዴሲቤል በላይ ያሰማል። ዛሬ በብዙ ቤቶች መደርደሪያ ላይ የሚቀመጡት ትንንሽ ስፒከሮች በአንድ ዋት 87 ዴሲቤል አካባቢ ናቸው። በዴሲቤል ስሌት 10 ቁጥር ለመጨመር ኃይሉን አሥር እጥፍ ማድረግ ስለሚያስፈልግ፣ ትንሹ ስፒከር የዲ130ን የአንድ ዋት ድምፅ ለማግኘት 20 ዋት ያህል ይፈልጋል። የዚያ ዘመን የቤት አምፕሊፋየር ያለው ኃይል ጥቂት ዋት ስለ ነበር ይህ ልዩነት ቀላል አልነበረም።

ሥራው እንዲህ ሲያምር ሒሳቡ ግን ይበላሽ ነበር። ላንሲንግ ዕቃው ጥሩ እስከሆነ ድረስ ዋጋው የት እንደሚደርስ የሚያሰላ ሰው አልነበረም። ማርካርድት የሚባል የአውሮፕላን ሞተር ኩባንያ ገንዘብና ስፍራ ሰጥቶ በባለ ድርሻነት ገባ፤ የዚያም ኩባንያ ገንዘብ ያዥ ዊሊያም ቶማስ ሒሳቡን እንዲያይ ተመደበ። የማግኔቱ አቅራቢ አርኖልድም በዕዳ ይሰጠው ነበር። በ1949 ግን ማርካርድት ለጎማ ኩባንያ ተሸጠ፤ አዲሱ ባለቤት ስለ ስፒከር ግድ አልነበረውም። ላንሲንግ እንደ ገና ብቻውን ቀረ፤ ዕዳውም 20,000 ዶላር ያህል ደረሰ። ሴፕቴምበር 29 ቀን 1949 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ሳን ማርኮስ ባለው የእርሻ ቦታው ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ።

ይህን አልፈን መሄድ አልቻልንም። ብዙ ጊዜ ደጋግመን ያየነው ቁጥር 20,000 ዶላር የሚለው ነው። ብዙ ገንዘብ ነው፤ ነገር ግን ሊከፈል የማይችል አልነበረም። ማስረጃውም ከሱ በኋላ የሆነው ነው፤ ቶማስ ወደ ኩባንያው ተመልሶ ኃላፊነቱን ያዘ፣ ለኩባንያው የተገባውን የ10,000 ዶላር ኢንሹራንስ ለሥራው አዋለ፣ የወይዘሮ ላንሲንግንም ድርሻ በኋላ ገዛ፣ አበዳሪዎችን አግባብቶ ሥራውን አስቀጠለ። ስፒከሮቹ ያው ላንሲንግ የሠራቸው ነበሩ፤ የተለወጠ ነገር ቢኖር መዝገቡን የሚይዝ ሰው መገኘቱ ነው። ላንሲንግ ስለ ጭንቁ በጊዜው ለአንድ ሰው ተናግሮ ሸክሙን ቢካፈል ኖሮ የስፒከሩን ኋላ ታሪክ በዓይኑ ባየ ነበር እንላለን። ዕዳ ያለባቸው፣ ሥራ የከበዳቸው ወጣት ባልንጀሮቻችን ይህን ገጽ ሲያነቡ እዚህ ላይ ቆም እንዲሉልን እንወዳለን።

የስፒከሩ ኋላ ታሪክ እንዲህ ነው። በዚያው በካሊፎርኒያ፣ በፉለርተን ከተማ ራዲዮ ሲጠግን የነበረው ሊዮ ፌንደር የኤሌክትሪክ ጊታርና የጊታር አምፕሊፋየር ይሠራ ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ ዲክ ዴል የሚባል ጊታር ተጫዋች እጅግ ጮክ አድርጎ ስለሚጫወት የፌንደርን ስፒከሮች አንዱን ከሌላው ያቃጥል ነበር ይባላል። መፍትሔ ሲፈለግ የተገኘው ለሳሎን ሸክላ የተሠራው ዲ130 ነው። ጊታር ስፒከርን እንደ ሸክላ በለዘብታ ስለማይዘው፣ የሽቦው ክፍተት በጥቂቱ እንዲሰፋ ተደርጎ ዲ130ኤፍ የሚል ስም ተሰጠው፤ መጨረሻው ፊደል የፌንደር ነው። በ1969 በዉድስቶክ የሙዚቃ በዓል ለሕዝቡ ድምፅ ባደረሱት ትልልቅ ሣጥኖች ውስጥም የዚሁ ኩባንያ ስፒከሮች ነበሩ። በዚያው ዓመት ኩባንያው በሲድኒ ሐርማን ድርጅት እጅ ገባ፤ በ2017 ደግሞ ሐርማንን ሳምሰንግ ገዛው።

ታዲያ አንዱ ስፒከር ለሁለቱም ይበቃል ማለት ነውን? ነገሩ እንደሚመስለው አይደለም። ሰዎች ዲ130ን በቤታቸው ለሸክላ ሲያደርጉት ብዙ ጊዜ ለቀጭኑ ድምፅ ሌላ ትንሽ ስፒከር ይጨምሩበት ነበር፤ የሰው ጆሮ በሴኮንድ ከ20 እስከ 20,000 የሚደርሰውን እርግብግቢት ይሰማልና ሸክላም ከዚህ ብዙውን ይዟል። ለጊታር ግን ጭማሪው አያስፈልግም ነበር። የጊታር ወፍራሙ ክር በሴኮንድ 82 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ የጊታር ስፒከርም ከ5,000 በላይ ያለውን ድምፅ እጅግ ይቀንሳል። ይህ መቀነስ ጉድለት አይምሰልህ፤ የኤሌክትሪክ ጊታር ያለዚያ ጆሮ የሚቧጭር ይሆናል።

እኛ ለባልንጀራችን ያስረዳነው በማሲንቆ ነው። የአዝማሪው ማሲንቆ ላይ የተወጠረው ቆዳ የመሣሪያው አካል ነው፤ ቆዳው ቢለወጥ የማሲንቆው ድምፅ ይለወጣል። የጊታር አምፕሊፋየርና ስፒከሩም እንደዚሁ ናቸው፤ ከክሩ ጋር አብረው ይዘፍናሉ። የሸክላ ስፒከር ግን መልእክተኛ ነው፤ የተላከውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ማድረስ አለበት። ዘፋኝ የሆነ መልእክተኛ መልእክት ያበላሻል። ስለዚህ ሸክላን በጊታር አምፕሊፋየር ማሰማት ዕቃውን ባይጎዳም፣ የአባቱ ሸክላዎች ቀጭኑን ድምፅ ሁሉ አጥተው በብርድ ልብስ እንደ ተሸፈኑ ሆነው ይሰማሉ። በአንድ መሣሪያ መብቃቃት ግድ ከሆነ የሚመረጠው መልእክተኛው ነው፤ መልእክተኛ ዘፈን ቢላክበት ያደርሳልና። ይኸውም ሰፊና ንጹሕ ድምፅ ያላቸው ሁለት ስፒከሮች ገዝቶ፣ የጊታር አምፕሊፋየርን ጠባይ የሚሠራ ትንሽ ፔዳል በጊታሩና በነሱ መካከል ማግባት ነው። ሳጥኑ ላይ ያለው ጊታር ያለ ኤሌክትሪክ የሚጫወት ዓይነት ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ይቀል ነበር፤ እሱ ራሱ ንጹሕ ድምፅ ይፈልጋልና።

ጊታሩን በቀጥታ በሸክላው መሰኪያ መሰካት ግን አይገባም። የጊታሩ ማግኔት የሚሰጠው ኃይል ደካማ ስለ ሆነ አንድ ሚሊዮን ኦም ያህል ተቃውሞ ያለው መግቢያ ይፈልጋል፤ የቤት መሣሪያ መግቢያ ብዙ ጊዜ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ስለ ሆነ ድምፁ ይደነዝዛል። ከዚያም ተጫዋቹ አልሰማ ሲለው ቁልፉን ወደ ላይ ያዞራል። መከራው የሚመጣ ያን ጊዜ ነው። በሸክላ ላይ ያለው ድምፅ ሲቀረጽ ልኩ ተጠብቆ ነው፤ የጊታር ክር ሲመታ ግን ድንገት የሚዘል ኃይል አለው፤ ቀጭኑን ድምፅ የሚያሰማው ትንሹ ስፒከር ይህን አይችልም።

ይህን የምንናገረው ከመጽሐፍ አይደለም። በዩኒቨርሲቲ ሳለን አንድ ማታ ከመኝታ ክፍል ጓደኞቻችን የአንዱን ቴፕ ተውሰን ጊታር ሰክተንበት ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዞርነው። ለሁለት ደቂቃ ያህል ደስ አለን። ከዚያ የተቃጠለ ሙጫ ሽታ መጣ፤ ቀጭኑ ድምፅም ላይመለስ ሄደ። የቴፑ ባለቤት ከቤተ መጻሕፍት ሲመለስ ምንም እንዳልሆነ ሰው ቁጭ ብለን ጠበቅነው፤ ሙዚቃ ሲከፍት ግን አወቀ። ለአዲሱ ስፒከር አራታችን አዋጥተን ለመክፈል የሁለት ወር የኪስ ገንዘባችን ሄደ።

ባልንጀራችን ሁሉን ሰምቶ በቅዳሜ ገበያ አብረን ወጣን። መጀመሪያ ዓይኑን የጣለበት ሦስቱ ፊደላት ያሉበት ትንሽ ተንጠልጣይ ስፒከር ነበር፤ ስናገላብጠው የጊታር መሰኪያ የለውም፤ ሸክላውንም በሁለት ወገን ከፍሎ አያሰማም። የላንሲንግን ታሪክ ነግረነው ስለ ነበር ትቶት ለመሄድ ከበደው፤ ፊደላቱን በአውራ ጣቱ ዳበሳቸው። በመጨረሻ የሌላ ፋብሪካ የሆኑ፣ አምፕሊፋየር በውስጣቸው ያላቸው ሁለት መካከለኛ ስፒከሮች ገዛ። ለፔዳሉ ገንዘቡ ስላልበቃ እስከሚቀጥለው ደመወዝ አቆየው።

እስከዚያው ድረስ የሚሰማው ሸክላውን ነው። ጊታሩ ከአልጋው ሥር ነው፤ እኛም ስንሄድ አስቀድመን የምናየው ገመዱ አለመሰካቱን ነው።